አንሰጥም ያልናቸው ኪታቦች

አያቴ በቅሎ እየጫነ የሚነግድ ሰው ነበር። በዚያ ዘመን ጎጃም ውስጥ እስላም ርስት ስለማይፈቀድለት ዕድሉ ወይ መሸመን ወይ መነገድ ነው፤ እሱ ንግዱን መረጠ። በወጣትነቱ ግን ሁሉን ትቶ ዒልም፣ የሃይማኖት ትምህርት ፍለጋ ወሎ ወረደና ዘጠኝ ዓመት እዚያው ቀረ። ኪታብ የሚገዛበት አቅም አልነበረውም። የመምህሮቹን እየተዋሰ በእጁ ገለበጠ፤ ወረቀቱን ከምጽዋ ከሚመጡ ነጋዴዎች እየለመነ፣ ቀለሙን ከድስት ጥላሸት እየበጠበጠ። ሲመለስ ዓባይን የተሻገረው በሁለት በቅሎ ኪታብ ጭኖ ነው። ዘመዶቹ ጨው ወይም ጨርቅ ያመጣልናል ብለው ሲጠብቁ ወረቀት አራገፈላቸው። አንድ ዓመት ሙሉ ሳቁበት ይባላል።

እኔ ነፍስ ሳውቅ ኪታቦቹ ስድሳ ሰባት ነበሩ። ደብረ ማርቆስ ከገበያው በላይ፣ ከዋናው መንገድ ዳር በተሠራች አንዲት ክፍል ውስጥ በቆዳ ከረጢት ተደርገው ግድግዳው ላይ ይሰቀሉ ነበር። የቁርኣን ትርጓሜ አለ፣ የሕግ አለ፣ የሰዋስው አለ፣ የመድኃኒት አለ፣ የከዋክብት አለ። ጠርዛቸው ላይ ደግሞ አያቴና አባቴ የቤታችንን ነገር ይጽፉ ነበር፤ ማን እንደተወለደ፣ ማን እንደሞተ፣ የትኛው ክረምት በረዶ ገብሱን እንደመታ። ክፍሏን «የኪታብ ቤት» እንላት ነበር።

አባቴ ኪታቦቹን የጠበቀ ሰው ነው። ቀን ሱቁ ውስጥ አቡጀዲ ይሸጣል፤ ከዐስር፣ ከከሰዓቱ ሰላት በኋላ የኪታብ ቤት ገብቶ ያነባል። ወንድሞቼ ሁለቱም ደጀን ወርደው የጭነት መኪና ንግድ ሲጀምሩ ለማንበብ የቀረሁት እኔ ነበርኩ። አባቴ የዐረብኛውን ፊደል ያስተማረኝ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሳልገባ ነው። ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ የመምህርነት ኮርስ ወስጄ ስመለስ የእሱ ዐይን ፈዞ ነበር። ከዚያ በኋላ እኔ አነባለሁ፣ እሱ ያዳምጣል፤ ስሳሳት በትሩን መሬት ላይ ነካ ያደርጋል። አማርኛ ሳስተምር ውዬ ማታ ዐረብኛ አነባለሁ። ይህን ከቤታችን ውጭ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

የመጨረሻዎቹ የጃንሆይ ዓመታት ነበሩ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ የኪታብ ቤቱ ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ትልቅ የመስቀለኛ ምልክት ተቀብቷል። የማዘጋጃ ቤቱ ሹም ሜትር ይዞ ቆሟል፤ አባቴ ደጃፉ ላይ በትሩን ተደግፏል።

«ምንድነው የቀባችሁት?» አለ አባቴ። «ይሸታል እንጂ አይታየኝም።»

«ከፍተኛ እንግዳ ይመጣል፣ ሼኪ» አለ ሹሙ። «መንገዱ ይሰፋል። ይቺ ክፍል በአሥራ አምስት ቀን ትነሣለች። የመሬቱ ባለርስትም ተስማምቷል።»

«ሳያማክረኝ?»

«መሬቱ የእርስዎ ነው እንዴ?»

 አርባ ዓመት ግብር በከፈለበት መሬት ላይ ይህን ጥያቄ መጠየቁ ራሱ አባቴን አንገበገበው። ሹሙ ሲሄድ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ወረቀትና ብዕር አምጪ፤ አቤቱታ እንጽፋለን» አለ።

እሱ ተናገረ፣ እኔ ጻፍኩ። በማግስቱ ይዤ ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። ጸሐፊው ወረቀቱን ገልብጦ ገልብጦ አየና፣ «አባትሽን ላኪ፤ የጻፈለትንም ሰው ይዞ ይምጣ» አለኝ።

«የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩት። «ጥያቄ ካለዎት እዚሁ ይጠይቁኝ።»

 ማኅተም አድርጎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው፤ ከዚያ መሳቢያ ሲወጣ ግን አላየሁም። በሳምንቱ የትምህርት ቤታችን ዲሬክተር ቢሮው ጠርቶኝ በር ዘጋ። «አንቺ የመንግሥት ሠራተኛ ነሽ። ከማዘጋጃ ቤት ጋር መካሰስ ምን ይጠቅምሻል?» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ፈርቶልኝ ነው። እኔ ግን ደሜ ፈልቷል። «ማንበብ አስተምሪ ብላችሁ ቀጠራችሁኝ፤ የማነብበትን ቤት ሲያፈርሱ ዝም በዪ ካላችሁ ምኑን ላስተምር?» ብዬው ወጣሁ። 

ከሹሙ ይልቅ ያሳዘነኝ የራሳችን ሰዎች ነገር ነው። ሦስት የመስጊድ ሽማግሌዎች ጁምዓ ከሰላት በኋላ ቤታችን መጡ። ታላቁ፣ ጢሙን ሒና የቀባው፣ ነገሩን ጀመረ።

«ከመንግሥት ጋር አንጋጭ፣ ወንድሜ። ያረጀ ኪታብ በክብር ይቀበራል፤ ሃይማኖቱም ይፈቅዳል። እንቅበራቸውና እንረፍ።»

«የሚቀበረው የማይነበበው ነው» አለ አባቴ። «እነዚህ ይነበባሉ።»

«ማን ያነባቸዋል? የአንተ ዐይን ሄዷል። ወንዶች ልጆችህ መኪና ላይ ናቸው።»

«ልጄ ታነባለች።»

ሽማግሌዎቹ እኔን አዩኝ። ሻይ ይዤ ቆሜ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ ሳቁን ሊደብቅ ሳል አስመሰለ። አባቴ በትሩን ወደ ግድግዳው ዘረጋና፣ «ራሳችሁ መርጣችሁ አውርዱና ስጧት» አለ።

ታላቁ ሽማግሌ ከሁሉ የከበደውን፣ የሰዋስውን ኪታብ አወረደ። አንድ ገጽ አነበብኩ። መጨረሻው አካባቢ ሽማግሌው አቋረጠኝ። «እዚህ ላይ ተሳስተሻል።»

መሳሳቴን ፈልጌ አጣሁት። ኪታቡን አዙሬ ፊቱ ዘረጋሁና፣ «አባባ፣ የተጻፈው እንዳነበብኩት ነው፤ ይዩት» አልኩ። ጎንበስ ብሎ አየ። ከዚያ ኪታቡን ዘግቶ ወደ ከረጢቱ መለሰና ሻዩን ጠጣ። ስለ መቅበር በዚያ ቀን ሁለተኛ ያነሣ የለም። እንዳልተስማሙ ግን ፊታቸው ይናገር ነበር።

ክፍሏ ልትፈርስ አምስት ቀን ሲቀር ሹሙ ከአዲስ አበባ፣ ቅርስ ከሚሰበስብ መሥሪያ ቤት የመጣ አንድ ሰው ይዞ መጣ። ሰውዬው ጥቁር ልብስ የለበሰ፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ በጣም ጨዋ ነበር። ጫማውን ሳይነገረው አውልቆ ገባ። ከረጢቶቹን አንድ በአንድ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ጥሩ ጥሩ ነገር ይዛችኋል» አለ። «በርግጥ የዓረብ አገር ቅርስ ነው እንጂ የእኛ አይባልም። ቢሆንም እዚህ እርጥበት ይበላዋል። እኛ ወስደን እናስቀምጠዋለን።»

«የእኛ አይባልም?» አለ አባቴ። ከዚያ ለእኔ፣ «ያንን ትንሹን አውርጂ» አለኝ።

ትንሹ ኪታብ ቀጭንና ጀርባው የተሰነጠቀ ነው። አያቴ ራሱ ያዘጋጀው ነው፤ ፊደሉ ዐረብኛ፣ ቋንቋው ግን አማርኛ። ዐጀም እንለዋለን። ስለ አንበጣው ዓመት የሚናገረውን ገጽ ገለጥኩና አነበብኩ። አንበጣው ከጮቄ ተራራ በኩል እንደ ደመና እንደመጣ፣ ጤፉን በልቶ ወደ ገብሱ እንደዞረ፣ እስላሙና ክርስቲያኑ አንድ ሜዳ ላይ ወጥቶ ቆርቆሮና ቅል እየደበደበ እንደጮኸ፣ እንደየእምነቱም እንደለመነ ይናገራል።

ሰውዬው አዳመጠና፣ «ትርጉምሽ ጥሩ ነው» አለኝ።

«አልተረጎምኩም ጌታዬ። እንደተጻፈው ነው ያነበብኩት።»

«አማርኛ ነው?»

«አማርኛ ነው። የደብረ ማርቆስ አማርኛ።»

ኪታቡን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ወሰደው። ፊደሉን እንደማያውቅ ያስታውቃል፤ ግን ጣቱን መስመሩ ላይ አድርጎ በቀስታ ሄደበት። ሹሙም አንገቱን አስግጎ ያይ ነበር። ሰውዬው ሲመለስ ፊቱ ተለውጧል። «ይህንንማ የግድ መውሰድ አለብን» አለ።

«አንሰጥም» አለ አባቴ።

«ሼኪ፣ ለመንግሥት ነው እኮ!» አለ ሹሙ።

«ማንበብ የሚፈልግ ይምጣ። ምንጣፍ እናነጥፋለን፣ ሻይ እናፈላለን፣ ልጄ ታነብለታለች። ኪታቡ ግን ከዚህ አይሄድም። ሌባ ቢመጣ እታገለዋለሁ፤ እናንተ ሌባ አይደላችሁም፣ ስለዚህ በቃል እነግራችኋለሁ፤ አንሰጥም።»

ብዙ ተጨቃጨቁ። መጨረሻ ላይ ሹሙ ማስፈራራት ሲጀምር ሰውዬው ራሱ አስቆመው። ሦስት ሌሎች ኪታቦች ለማየት ብቻ፣ በፊርማ፣ ለስድስት ወር ወሰደ። አባቴ የፈቀደው ለእኔ ሥራ ሰግቶ መሆኑን በኋላ ነው የነገረኝ። ፊርማውን ያኖረልን ወረቀት እስከ ዛሬ አለኝ። ኪታቦቹ አልተመለሱም። በየዓመቱ ደብዳቤ እጽፋለሁ። አንድ ጊዜ «ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው» የሚል መልስ መጣልኝ። ሰውዬው ይሙት ይኑር አላውቅም፤ መሥሪያ ቤቱም ስሙን ሁለት ጊዜ ቀይሯል። እኔ መጻፌን አልተውኩም።

ክፍሏን ከማፍረሳቸው በፊት ስድሳ አራቱን ኪታቦች ወደ መኖሪያ ቤታችን ማዛወር ነበረብን። ብዙዎቹ ጥራዛቸው ተፈቶ ስለነበር ዝም ብሎ ቢሸከሟቸው ይበተናሉ። በከተማው መጽሐፍ የሚደጉስ፣ ሰፍቶ ቆዳ የሚያለብስ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ ደብረ ወርቅ ተምሮ ያደገ መሪጌታ ነው። አባቴ ሰው ላከበት። ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም፤ መርፌውንና ቆዳውን በአገልግል ይዞ በጠዋት መጣ።

የመጀመሪያውን ኪታብ ሲገልጥ፣ «ብራና አይደለም እኮ! ወረቀት ነው» ብሎ ተገረመ። ቀጥሎ በቀይ የተጻፈ መስመር አየና አባቴን ቀና ብሎ ተመለከተው። «እናንተም ቀይ ትጠቀማላችሁ?»

«የከበረውን ስም በምን እንጻፈው ታዲያ፣ መሪጌታ?» አለ አባቴ።

ሁለቱም ሳቁ። አራት ቀን እኛ ቤት ዋለ። ምሳውን ከቤቱ ይዞ ይመጣል፣ የእኛን ውሃ ይጠጣል፣ ይሰፋል። በአራተኛው ቀን ኪታቦቹን ስናዛውር እሱም ተሸከመ። መንገድ ላይ አንድ ነጋዴ፣ «መሪጌታ፣ የእስላም መጽሐፍ ተሸከሙ?» ብሎ ጮኸበት። ሳይቆም፣ «መጽሐፍ ነው የተሸከምኩት፤ አንተ ምን ተሸክመሃል?» ብሎት አለፈ።

ክፍሏ በአንድ ጠዋት ፈረሰች። ያልጠበቅነው ነገር አልነበረም፤ ግን ጣሪያው ሲወርድ አባቴ ድምፁን ሰምቶ እጄን ጨበጠኝ። ለቀናት ምግብ አልበላለት አለ። አንድ ጠዋት ግን ተነሥቶ፣ «አግዳሚውን ወንበር አውጪልኝ» አለ። የኪታብ ቤቱ ከነበረበት፣ ከአዲሱ የመንገድ ጠርዝ ላይ አስቀመጠውና ኪታብ አስመጥቶ እዚያ አስነበበኝ። በማግስቱም እንዲሁ። ቤቱን አፍርሳችኋል፣ ንባቡን ግን አላፈረሳችሁም ማለቱ ነበር። መንገደኛ ቆሞ ያያል፤ አንዳንዱ ይሳደባል፣ አንዳንዱ ያዳምጣል። እኔ ሐፍረት ያቃጥለኝ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ለቀቀኝ።

እንግዳው በሚያልፍበት ቀን ሕዝቡ ባንዲራ ይዞ ከጠዋት ጀምሮ ተሰልፏል። አባቴና እኔ ወንበራችን ላይ ነን። ፖሊስ መጣና፣ «ተነሡ፤ ኪታቡንም አስገቡ» አለን።

«መነሣት ደንብ ነው፣ እንነሣለን» አለ አባቴ። «ኪታቡን ግን እጃችን ላይ ይዘን ነው።»

ፖሊሱ ሊከራከር ሲል መኪኖቹ ደረሱ። ተነሥተን ቆምን፤ ኪታቡ በእኔ እጅ ተገልጧል። አምስት ወይም ስድስት መኪና አቧራ አንሥቶ አለፈ። ማን የት እንደተቀመጠ እንኳ አልለየሁም።

«አለፈ?» አለ አባቴ።

«አለፈ።»

«እንግዲያው ቀጥዪ» አለና ተቀመጠ።

አባቴ ከሁለት ዓመት በኋላ ሞተ። ከአርባው በፊት ወንድሞቼ ከደጀን መጥተው ኪታቦቹን እንደ ውርስ እንካፈል አሉ። እኔ ያኔ ሁሉንም በአማርኛ መዝግቤ ጨርሼ ነበር፤ የእያንዳንዱን ርእስ፣ የጻፈውን፣ ጠርዙ ላይ ያለውን ሁሉ በሦስት ደብተር። ደብተሮቹን ፊታቸው አስቀመጥኩ። «ማንበብ የምትችሉትን ምረጡና ውሰዱ» አልኳቸው። ትልቁ ወንድሜ ተቆጥቶ ወጣ። ትንሹ ግን እያለቀሰ ሳመኝ። የብረት ቁም ሳጥን ያሠራልኝ እሱ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በሬን ክፍት ማድረግ ጀመርኩ። ማንበብ የሚሻ ይግባ፣ ኪታብ ግን አይወጣም አልኩ። ወራት አለፉ፤ የገባ የለም። በመጀመሪያ የመጣው መሪጌታ ነው። ጠጉሩ ሸብቷል፣ መነጽር አድርጓል። «ያንን የአማርኛውን ማንበብ እፈልጋለሁ፤ ፊደሉን አስተምሪኝ» አለኝ።

ሒና የሚቀባው ሽማግሌ ይህን ሰምቶ በሳምንቱ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ፣ «ልጄ፣ ኪታባችንን ለክርስቲያን ደብተራ ታስተምሪያለሽ?» አለኝ። መሪጌታ ደብተሩ ላይ ፊደል እየጻፈ ነበር፤ ቀና አላለም።

«አባባ፣ ለስድስት ወር በሬን ከፍቼ ጠበቅኩ» አልኩት። «የእርስዎ ልጆች አልመጡም፤ እሱ መጣ። የሚመጣውን አስተምራለሁ። እርስዎም ጫማዎን አውልቀው ቢገቡ ቦታ አለ።»

 ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀ።