በረንዳው ላይ የነበረው ሳህን

ታናሽ እህቴ እዚህ እስራኤል ከሽኩና ሄ ሰፈር ወደ ሽኩና ዩድ አሌፍ ሰፈር ልትዛወር ስትነሳ፣ የወጥ ቤት ዕቃዋን እንዳሽግላት የጠራችው እኔን ነበር። ኤመቅ ሳራ በሚባለው የኢንዱስትሪ ሰፈር ያለ ፋብሪካ ውስጥ ሥራዬ ማሸግ ነው። ሳህን ቆሞ እንጂ ተኝቶ እንደማይጫን፣ የብርጭቆም ሆዱ በወረቀት ካልተጠቀጠቀ መንገድ ላይ እንደሚሰነጠቅ አውቃለሁ። ባዶ ካርቶኑንም ከዚያው ለምኜ አመጣሁላት። እንኳን ደስ ያለሽ ብዬ ሳምኳት፣ ሳቅሁላትም። ማሽላ እያረረ ይስቃል።

ያንገበገበኝ ሰፊው ቤት አይደለም፤ ትኑርበት። እኔ የቀናሁት በእናቴ ምክንያት ነው። እስራኤል ከገባን ጀምሮ እናቴ የምትኖረው እሷ ዘንድ ነው። ቤት ሲቀየር እንኳ እኔ ጋ ትሁን ብዬ ብለምን እናቴ እሺ አላለችም። እኔን ልትጠይቅ ስትመጣ ዳቦዋንና ኩባያዋን በፌስታል ይዛ ነው። ውሃውን ራሷ ከቧንቧ ትቀዳለች። የወጤን ሽታ ታደንቃለች፤ አትቀምሰውም። ይኼ አንጀቴን ያሳርረኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአገራችን፣ በእኛ ወገን ልማድ፣ ሴት የወር አበባዋ ሲመጣ ከቤት ወጥታ መርገም ጎጆ ትቀመጣለች፤ ሰባት ቀን ምግብ አትሠራም፣ የሰው ዕቃ አትነካም፣ የምትበላበትም ለብቻው ነው። ፎቅ ላይ ጎጆ ከየት ላምጣ? ባሌ ሌሊት ሠራተኛ፣ ልጆቼ ገና ሕፃናት፤ ማን ያብስልልኝ? በመጣን ሰሞን ለእናቴ እቅጩን ነገርኳት፤ እዚህ አልችልበትም፣ በዚያም ቀኔ እሠራለሁ አልኳት። እህቴ ግን በረንዳ ላይ እቀመጣለሁ፣ ምግቡን ባሌ ይሠራዋል አለቻት። እናቴ ቀን ቀን የአረጋውያን መዋያ ትውላለች። ማታ ስትመለስ እህቴን በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ ታገኛታለች፤ ባልየው ሠራው የተባለውን ወጥ ትበላለች። ያ ሰውዬ እንቁላል ሲጠብስ እንኳ አይቼው አላውቅም። ቢሆንም አመንኩ። አምኜም እህቴን ለንጽሕናዋ ጠላኋት።

የዛሬው ሥራ ሲያልቅ በረንዳው ቀረኝ። ጥጉ ላይ፣ ከተደፋ ሳፋ ሥር፣ የእህቴ የመርገም ዕቃ አለ፦ ሳህን፣ ኩባያ፣ ማንኪያ። ልጠቀልለው ሳህኑን ብገለብጠው የሱቁ የዋጋ ወረቀት ከታቹ እንደተለጠፈ ነው። ማንኪያውም ከላስቲኩ አልወጣም። አንድም ቀን አልተበላበትም፤ ለካ በረንዳው ለይምሰል ነው።

ደስ አለኝ፤ እንዲያ ደስ ያለኝ ቀን ትዝ አይለኝም። እህቴና ባሏ ዕቃ ሊጭኑ ወርደዋል። እናቴ ባዶው ሳሎን ውስጥ ካርቶን ላይ ተቀምጣለች። ሳህኑን ጭኗ ላይ ገልብጬ አስቀመጥኩላት።

«እማዬ፣ ይኼ ሰው የበላበት ሳህን ይመስልሻል?»

ወረቀቱን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «የወጧን ጣዕም አጣዋለሁ እንዴ? ያስተማርኳት እኔ ነኝ።»

ታዲያ የእሷን እየበላሽ የእኔን ለምን ትጸየፊያለሽ አልኳት። ድምፄ የልጅ ድምፅ ሆነብኝ።

«እሷ እንድበላላት ብላ ትዋሸኛለች፤ እኔም እንዳላወቅሁ ሆኜ እበላለሁ። አንቺ ፊት ለፊት ነገርሽኝ። በጆሮዬ ከሰማሁ በኋላ ምን ላድርግ፣ ልጄ?»

ሳህኑን መለሰችልኝ። ያን ወረቀት አንሺው፣ አዲሱ በረንዳ ለጎረቤት ይታያል አሉ፣ ሰው አይቶ እንዳይስቅባት አለችኝ። በጥፍሬ ፋቅሁት። ሙጫው አልለቅ ሲል በምራቄ አራስኩት። ከዚያ በጋዜጣ ጠቅልዬ በካርቶኑ መሀል አቆምኩት። ያን ቀን ከነካሁት ዕቃ ሁሉ እንደ እሱ የተጠነቀቅሁለት የለም። እጄ ሲሠራ ሆዴ ይቀና ነበር፤ አሁን የቀናሁት በውሸቷ ነው። እኔ መዋሸቱ ለምን አልታየኝም?

የቀረው እናቴ እኔ ጋ ስትመጣ የምትይዘው ኩባያ ነበር፤ ከነፌስታሉ የወጥ ቤቱ በር ላይ ተንጠልጥሏል። ለመጠቅለል አወረድኩት።

«እሱን አታሽጊው» አለችኝ። «ነገ አንቺ ዘንድ እመጣለሁ።»