የተረፈችው ቁራሽ

የሮቢ ወንዝ ሲሞላ የጭቃው ሽታ ቤቴ ድረስ ይመጣል። በጣልያን ጊዜ ከሌላ ጉባኤ የሆነ አንድ እንግዳ እኛ ቤት የመጣ ቀንም ወንዙ ሞልቶ ነበር። አባቴ ቤታችን የሚሰበሰበው ጉባኤ ሽማግሌ ነበር። እኛ ወንዝ ገብተን እንጠመቃለን፤ የእንግዳው ጉባኤ ግን ግንባር ላይ ውሃ ያፈስ ነበር። አባቴ ለጌታ እራት ዳቦውን ሲያዞር እሱን ዘለለው።

«ወንድሜ፣ አትቀየመኝ። ወንዙ ሲጎድል አጠምቅሃለሁ» አለው።

«ጋሼ፣ ጣልያን ጸሎት ቤታችንን ሲያቃጥል እንዴት እንደተጠመቅን አልጠየቀንም» አለና ወደ ጀውሃ ሄደ።

ልጅ ነበርኩ፤ ነገሩ አልገባኝም።

በወሩ የእኛም ቤት ነደደ። ቁጥቋጦ ውስጥ ተሸሽገን አባቴ ለጌታ እራት ዳቦ ሲቆርስ አንዲት ቁራሽ ተረፈች። ወንዙ ጎድሎ ነበር፤ ሰውዬው ግን አልተመለሰም።

ዛሬም ሽታው ሲመጣ የአባቴ እጅ ይታየኛል፤ ቁራሿን እንደያዘ።