የናፍጣ መኪናዬ የቤንዚን ፍሬን

ሱፍዋን እባላለሁ። ሸዋ ሮቢት ጋራዥ ከከፈትኩ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ሳልጠየቅ መምከር የጀመርኩት ግን ከዚያም በፊት ነው። ባለፈው ዓመት ከተጣሉ መኪኖች አንዲት የናፍጣ ጭነት መኪና ገጣጠምኩ። ሻንሲው ከአንዱ፣ ሞተሩ ከሌላው፣ ጋቢናው ከሦስተኛው። የቀረኝ ፍሬን ብቻ ነበር።

ፔዳሉን ለእግር የሚያቀለውን ሰርቮ ልገዛ ስል፣ ጡረታ የወጡት የከባድ መኪና ሹፌር ጋሼ አስፋው፣ "ከናፍጣ መኪና የወረደ ፈልግ፤ ከነፓምፑ" አሉኝ።

"ጋሼ፣ እሱ የድሮ ነው፤ አሁን ዘመናዊ አለ" አልኳቸው። ሦስት ቪዲዮ በስልኬ አይቼ ነበራ! ከቤንዚን የቤት መኪና የወረደ፣ የሚያብረቀርቅ ሰርቮ ገዝቼ ገጠምኩ። ግቢ ውስጥ ስሞክረው ፔዳሉ ድንጋይ ሆነብኝ። "አዲስ ጫማም መጀመሪያ ይጠብቃል" ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

በማግስቱ ባለቤቴን ፋዲላን ጋቢና አስቀምጬ ከገጠር ሽንኩርት ልንጭን ወረድን። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ያዝኩ፤ መኪናዋ አልሰማችኝም። በሁለት እግሬ ቆምኩበት፤ ጭንቅላቴ ጣሪያውን መታ። ማርሽ ስቀንስ በረድ አለች፤ ግን መንገዱን ስታ የገበሬውን የአብዱልሰመድን የእሾህ አጥር ጥሳ ገባችና የመስኖ ውሃ የጠጣው የማሾ ማሳ ውስጥ ሰጥማ ቆመች።

ፋዲላ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ "ደረስን?" አለችኝ።

አብዱልሰመድ ዶማውን እንደያዘ መጣ። "አሰላሙ አለይኩም። ሱፍዋን፣ በር እኮ አለኝ።"

"ማሻ አላህ፣ ማሾህ ዘንድሮ አምሯል" አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ?

ደውዬላቸው ጋሼ አስፋው በባጃጅ ደረሱ። ሞተሩን ጎንበስ ብለው አዩት። "ሰርቮ የሚሠራው አየር ሲሳብለት ነው። የቤንዚን ሞተር ራሱ ይስብለታል፤ የናፍጣው ግን ፓምፕ ይፈልጋል። የዚህ ሞተር ፓምፕ ዲናሞው ጀርባ ላይ ነበር። የት አደረስከው?"

ሞተሩን ስገጥም "ይህች ትርፍ ጉብታ ለምን ትጠቅማለች?" ብዬ ዲናሞውን በሌላ ለውጬው ነበር።

"የጋራዤ በር እንዳይዘጋ ደግፌበታለሁ" አልኩ።

"ዘመናዊ በር ነዋ!" አሉና እስኪያስላቸው ሳቁ።

አጥሩን እኔው መልሼ አጠርኩ፤ ሦስት ቀን እሾህ ከጣቴ ስለቅም ሰነበትኩ። ዲናሞውንም መለስኩት፤ ፔዳሉ አሁን በጣት የሚጫኑት ያህል ቀሏል። ፋዲላ ግን ቁልቁለቱ ጋ ስንደርስ ወርዳ በእግሯ ትሄዳለች። ታች ጠብቄ ሳሳፍራት፣ "ዛሬም ቆመች?" ትለኛለች።