ቃል የጠፋባት ልብስ ሰፊ

ሰፈራችን «ሬዲዮ» ይላት ነበር። ልብስ ሰፊ ናት። መንገድ ዳር ባለችው ጠባብ ሱቋ እግሯ የስፌት መኪናውን፣ አፏ ወሬውን ሲያስኬድ ይውላል። ሱሪ ሊያሳጥር የገባ ሰው የመንደሩን ሁሉ ጉዳይ ሰምቶ ይወጣል። መርፌ በከንፈሯ ነክሳ እንኳ ታወራለች።

ባሏ ቤት ቀቢ ነው፤ ዝምተኛ። «ምን እያሰብክ ነው?» ስትለው «ምንም» ይላታል። እሷም ለጎረቤት «የኔ ባል ጭንቅላት አዲስ የተቀባ ግድግዳ ነው፤ አንድም ነገር አልተሰቀለበትም» ትላለች። እሱ ሰምቶ ፈገግ ይላል እንጂ አይመልስም።

አንድ ቀን ጠዋት ለአንዲት አስተማሪ ቀሚስ ትለካ ነበር። «ክንድሽን ቀና አድርጊ» ልትል አፏን ስትከፍት «ድስቱን» አለች። አስተማሪዋ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ሰፊዋ እንደገና ሞከረች። «ድስቱን... ዝናቡን...» አለችና ሜትሩ ከቀኝ እጇ ወደቀ። ያኔ አስተማሪዋ ሳቋን ዋጠች፤ ደግፋ ወንበር ላይ አስቀመጠቻትና ታክሲ ጠራች።

ባሏ ሆስፒታል የደረሰው ቀለም የነካካውን ቱታውን እንደለበሰ ነው። ሐኪሟ የሚስቱ ጭንቅላት ውስጥ አንድ ደም ሥር እንደተዘጋ፣ ከሞት እንደተረፈች፣ ንግግሯ ግን እንደተጎዳ ነገረችው።

«ይመለስላታል?»

«ሊመለስ ይችላል፣ ቀስ እያለ።»

«እስከዚያስ ውስጧ ታስባለች? ወይስ እሱም አብሮ ጠፋ?»

«ታስባለች ብዬ አምናለሁ፣ አባት። ያለ ቃል እንዴት እንደምታስብ ግን እኔም አላውቅም። ሐሳብ ከየት እንደሚነሣ በእርግጠኝነት የሚነግረኝ ሰው ገና አላገኘሁም።»

ሚስቱ ቤት ከገባች በኋላ ማውራት የሱ ተራ ሆነ። አያውቅበትም። አልጋዋ ጫፍ ላይ ይቀመጥና «ዛሬ የአንድ ሰውዬ በር ቀባሁ» ይላል። ቀጥሎ የሚለው ይጠፋዋል። ትንሽ ቆይቶ «አረንጓዴ» ብሎ ይጨምራል። እሷ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች። ይግባት አይግባት ግን አያውቅም።

አንድ እሑድ ሾርባ ሊያጎርሳት ተቀመጠ። በደህናው ግራ እጇ ማንኪያውን ገፋችው።

«ጠገብሽ እንዴ?»

እጇን ወደ ደረቱ ሰደደች። ሸሚዙን አዛብቶ ቆልፎት ኖሯል። አንድ በአንድ ፈታችለት፤ ከዚያ ባልለመደው እጇ እየታገለች ከታች ጀምራ አስተካክላ ቆለፈችው። ኮሌታውን መታ መታ አደረገችና በዓይኗ ሳቀች፤ «አይ አንተ ሰው» የምትልበትን ሳቅ። ቀቢው ሾርባው እስኪቀዘቅዝ አለቀሰ።

«አለሽ» አላት። «እዚያው ነሽ።»

ቃላቱ መመለስ ሲጀምሩ መጀመሪያ የመጣው «ክር» ነው፤ ቀጥሎ «ውሃ»። የባሏ ስም ዘገየ። «ከክር በኋላ ነው የተቆጠርኩት» እያለ ለሰው ሁሉ ያወራል።

ዓረፍተ ነገር መገጣጠም ስትችል ደፍሮ ጠየቃት። «ያኔ፣ ቃሉ ሳይኖር፣ ውስጥሽ ምን ነበር?»

እያንዳንዱን ቃል እየፈለገች መለሰችለት። «ሁሉም ነበር። አንተን ሳይህ ማዘን ይመጣል። ስም የለውም፣ ግን ማዘን ነው። ጨርቅ ሳይ የት ላይ እንደሚቆረጥ አውቃለሁ። እናቴ ሳልጠራት ትመጣለች፤ እጇ ብቻ፣ ጸጉሬን ስትሠራኝ። ድሮ ሐሳብን የማመጣው እኔ ይመስለኝ ነበር። ለካ ራሱ ነው የሚመጣው። ከየት እንደሆነ እንጃ።»

«ፈርተሽ ነበር?»

«መጀመሪያ። በኋላ ግን... ጸጥ ያለ ነበር። ደስ ይላል። የምናገርበት ቃል አጣሁ እንጂ።»

ቀቢው «እኔ እኮ ድሮም እንደዚያ ነኝ» አለ።

«እንዴት?»

«ግድግዳ ስቀባ አንቺ ትመጪያለሽ፤ ልጃችን ትመጣለች፤ የሞተው ወንድሜም ይመጣል። ቃል ግን የለውም። ስትጠይቂኝ የምሰጥሽ ቃል ስለማጣ ነው ‹ምንም› የምልሽ።»

ሰፊዋ እንደ አዲስ ሰው አየችው። «ይህን ሁሉ ዘመን እንዲህ ሞልተህ?» አለችና እጁን ያዘች። «እኔ ደግሞ ባዶ ነው እያልኩ ሳማህ ኖርኩ።»

«አውቃለሁ፤ እሰማሽ ነበር» አላት።

አሁን ወደ ሱቋ ተመልሳለች። ቀኝ እጇ ቶሎ ስለሚዝል ልኬቱንና ቅዱን እሷ ትሠራለች፤ ስፌቱን ልጃቸው። አንዳንዴ መርፌ ፈልጋ «ዓሣ» ትላለች፤ ልጅቷ ሳትስቅ መርፌውን ታቀብላታለች፤ የምትስቀው እናትየዋ ራሷ ናት። ትናንት አመሻሹ ላይ ሳልፍ ባልና ሚስቱ ደጃፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። እሷ እጇን አነሣችልኝ። እሱ ደግሞ ጠጋ አለና ከጎኑ ቦታ አበጀልኝ፤ «ና ቁጭ በል፣ እንጫወት እንጂ።»