ሚዛን ያላየው የወንድሜ ታፋ

ታላቅ ወንድሜ ሊምፎማ የሚባለው የዕጢ ካንሰር ይዞት ለሕክምና ደሴ መመላለስ ከጀመረ ወዲህ፣ ከሚሴ ያለው ቤቱ ጠያቂ ተለይቶት አያውቅም። ጠያቂው ደግሞ ሁሉም ሐኪም ነው። «አካም ጅርታ» ብሎ ደህንነቱን ይጠይቅና መልሱን ሳይጠብቅ ፍርዱን ይሰጣል፦ «ማሻአላህ፣ ወፍረሃል!»

እውነትም ፊቱ ሞልቷል፤ ኪሎውም ጨምሯል። ለካንሰሩ ከሚሰጠው የኬሞ መድኃኒት ጋር የሚውጠው ክኒን የምግብ ፍላጎቱን ስለከፈተለት ሚስቱ በገንፎና በቅቤ ታባብለዋለች። ሊነሳ ሲሞክር ግን ቤቱ ይታወካል። በእኛ አገር በሽተኛን መውደድ ማለት አስተኝቶ ማብላት ነው።

«ይሄ ሰው ግድግዳ ሳይዝ መቆም አቅቶታል እኮ» አልኩ አንድ ቀን።

«አንተ ደግሞ መቼ ነው ከሰው ጋር የምትስማማው?» አለች ሚስቱ።

«ሰው ልክ ሲሆን።»

ደሴ ስንሄድ ዶክተሯ ሽርጡን እንዲሰበስብ ነግራው ጭኑን ቀዝቃዛ ቅባት ቀባችው። ወንድሜ የአልትራሳውንዱን መሣሪያ አየና ደነገጠ።

«ልጄ፣ ይሄ የእርጉዝ ሴት ዕቃ አይደለም እንዴ?»

«አይዞዎት አባባ፣ የሚወለድ የለም። ጡንቻዎን ልለካ ነው።»

ምስሉን ወደ እኛ አዞረችው። ላይ ያለው ወፍራም ንጣፍ ጮማ ነው፤ ከሥሩ ያለው ቀጭኑ ጡንቻ። «ሚዛኑ ላይ የጨመረው ጮማና ውሃ ነው» አለች። ክኒኑም መተኛቱም ጡንቻውን በልተውታል። በዚሁ ከቀጠለ ሰውነቱ ቀጣዩን ኬሞ በሙሉ መጠኑ ላይችለው ይችላል፤ መጠኑ ከተቀነሰ ደግሞ ካንሰሩ ፋታ ያገኛል።

ወንድሜ ዕድሜውን በሙሉ በጨፋ ሮቢትና በባቲ ገበያ ከብት ሲነግድ የኖረ ሰው ነው። ምስሉን ብዙ አየውና ወደ እኔ ዞረ።

«ጨው የላሰ በሬ አድርገውኛል።»

በገበያ ቀን ጠዋት አንዳንድ ሻጭ የከሳ በሬውን ጨው አልሶ፣ ሆዱ እስኪነፋ ውሃ ያጠጣዋል። አዋቂ ገዢ ሆዱን ትቶ ታፋውንና ወገቡን በእጁ ይጫናል። ወንድሜ ሆድ አይቶ በሬ የገዛበት ቀን የለም። የራሱን ሆድ ግን አምኖ ነበር። እኔም ድካሙን አየሁ እንጂ ምክንያቱን ከየት አምጥቼ! ልክ በመሆኔ ልኮራ አሰብኩና ከበሽተኛ ወንድም ጋር የማይሄድ ነገር ሆነብኝ።

ትእዛዙ አጭር ነበር፦ ቅቤው ይቀነስ፣ እንቁላል፣ ምስርና ቀይ ሥጋ ይብዛ፤ ሰውዬው ይራመድ፣ እጁን ሳይደገፍ ከወንበር ይነሳ፣ ይቀመጥ። ሚስቱ ምስሉ ያሳየውን ስንነግራት አለቀሰችና ቅቤውን ራሷ አነሳችው። ጠያቂዎቹ ግን ጉድ አሉ።

«የአላህ ያለህ! በሽተኛ እንዲህ ያስነሳሉ?» አለች አክስታችን፣ ሲነሳና ሲቀመጥ አይታ።

«እየሰገድኩ ነው ብለሽ እለፊኝ አክስቴ» አላት እያለከለከ።

ለቀጣዩ ዙር ስንመለስ ዶክተሯ መሣሪያውን ጭኑ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። እኔ ፊቷን ነበር የማነበው፤ ምንም አልተጻፈበትም።

«ጡንቻው አልወፈረም» አለች በመጨረሻ። «ግን ከዚያ ወዲህ አልሳሳም። መድኃኒቱን በሙሉ መጠን እንሰጣለን።»

እኔ ለመሄድ ተነሳሁ። ወንድሜ ግን የሽርጡን ሌላ ጫፍ እየሰበሰበ ነበር።

«በቃ እኮ አባባ፣ አንዱ ይበቃል።»

«አይበቃም ልጄ» አላት፣ ሁለተኛውን ጭኑን ወደ እሷ እያስጠጋ። «አንድ ጎን ብቻ አይቶ የሚፈርድ ሰው አላምንም።»