ያልሞላ ቅርፊት

የላማራ አንድ ቀን ይህን ያስወጣታል፤ ለአውቶቡስ በጆርጂያ ገንዘብ ሁለት ላሪ፣ ለዳቦና ለአይብ አምስት፣ ከዚያ ደግሞ ማንም የማይተካላት ሁለት ጉልበቷ። በአገሪቱ ዋና ከተማ በትብሊሲ ባክቴሪያ የሚገድሉ ቫይረሶችን ለመድኃኒት በሚያራባ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ቆማ ሠርታለች።

ረቡዕ ጠዋት ምዜቪናር የምትባል ልጅ መጣች። አባቷ ቫዣ፣ መሬት ውስጥ የተቀበረ ትልቅ የወይን ጋን ውስጥ ገብቶ ሲያጥብ እግሩን ስለት ቧጥጦት ነበር፤ ቁስሉ መድኃኒቱን ሁሉ እምቢ አለ።

«እማማ ላማራ፣ ሐኪሙ ዓርብ እግሩን እቆርጣለሁ ብሏል።»

«ጠዋት ነው ከሰዓት?»

«ከሰዓት።»

«እንግዲያው ጊዜ አለን። ተቀመጪ፣ ዳቦ ብዪ።»

ላማራ ልጅቷ ያመጣችውን የቁስሉን ባክቴሪያ በሁለት ጠርሙስ አራባች፤ የሚስማማውን ቫይረስ ጨመረችበት። ቫይረሱ ባክቴሪያው ውስጥ ይገባና የአዳዲስ ቫይረሶች ግንበኛ ያደርገዋል። መጀመሪያ በሩ ይቆማል። ከዚያ በውስጥ ማገር ዙሪያ የፕሮቲን ጡቦች ተገጣጥመው ቅርፊት ይሆናሉ፤ ማገሩ ይወጣል፣ ዘሩ በበሩ ተጠቅጥቆ ይገባል፣ ጅራቱ ይገጠማል። ያን ጊዜ ባክቴሪያው ይፈነዳል፤ ድፍርሱ ጠርሙስም ይጠራል።

ወጣቱ አለቃዋ ኦታር ግን ቸኮለ።

«እትዬ ላማራ፣ እሹሩሩ እያሉት ነው እንዴ? ክሎሮፎርም ያፍስሱበትና ባክቴሪያውን እንክፈተው!»

«ገና ድፍርስ ነው። ሊጡን ከምድጃ ላውጣልህ?»

«ልጅቷ በር ላይ እያለቀሰች!»

«ዛሬ ታልቅስ። ዓርብ ከምታለቅስ ይሻላል።»

ኦታር አንዱን ጠርሙስ አንስቶ ክሎሮፎርሙን አፈሰሰበት። ላማራ ሁለተኛውን በሁለት እጇ ይዛ ጀርባዋን ሰጠችው። በሥራዋ የመጀመሪያ ክረምት እሷም እንዲሁ ቸኩላ ነበር፤ ያን ጊዜ የተላከው መድኃኒት ለማንም አልበጀም። ጠርሙሱ እስኪጠራ ድረስ ቆመች፣ ጉልበቷ እየጮኸ።

ሐሙስ የሁለቱን ጠርሙሶች ጠብታ፣ የቁስሉ ባክቴሪያ በለበሰ ሳህን ላይ ሞከሩት። የኦታር ጠብታ ያረፈበት እንዳለ ነው፤ የላማራ ያረፈበት ግን ተበልቶ እንደ መስኮት ጠርቷል።

«ዘር ያልገባበት ባዶ ቤት ነው ያወጣሁት» አለ ኦታር፣ ፊቱ ቀልቶ።

«እኔም አውጥቼ አውቃለሁ። አሁን ሩጥ፣ አድርስ።»

ሐኪሙ ሳህኑን አይቶ መድኃኒቱን ቁስሉ ላይ አደረገ፤ ቢላዋውንም ለአንድ ሳምንት አቆየ። በስምንተኛው ቀን የቁስሉ ወለል እንደ ጤነኛ ሥጋ ቀላ፤ ቀጠሮውም ተሰረዘ።

ላማራ ይህን ስጽፍ አንድ ነገር አደራ ብላኛለች፦ «ለሚያነቡት ንገሪልኝ። አልድን ያለ ቁስል ያለበት ዘመድ ካላቸው የመቁረጫው ቀን ሳይቀጠር ያምጡት። ከመጡ በኋላ ደግሞ እባካቸው አያጣድፉኝ።»