የጎማ ጫማ የሰፉት ኮርቻ ሠሪ፣ ጋሽ ዘለቀ

በደብረ ማርቆስ፣ በአማኑኤልና በደምበጫ ላላችሁ ወዳጆቻቸው ሁሉ፤ ኮርቻ ሠሪው ጋሽ ዘለቀ ባለፈው ሰኞ አርፈው በዕለቱ ቀብረናቸዋል። መርዶውን ከመንገደኛ አፍ ከምትሰሙት፣ ሙያ ከእጃቸው የተማርኩት እኔ ብነግራችሁ ይሻላል ብዬ ነው የጻፍኩት።

ጋሽ ዘለቀ አዲስ የጭነት ኮርቻ ዝም ብለው አያስረክቡም ነበር። በቅሎዋ ላይ ይጭኑና መዳፋቸውን ከሥሩ ሰደው ዙሪያውን ይዳስሳሉ። አንዲት ቋጠሮ ከቆረቆረቻቸው «ፍቱት! በቅሎዋ እንደሆን አፍ የላትም» ይላሉ። ለእኛ ልፋት የሚራሩ እንዳይመስላችሁ፤ ከነአካቴው እንደገና ያሰፉን ነበር።

ጣሊያን ገብቶ መንገዱን በካሚዮን ሲሞላው ግን ነጋዴው በቅሎውን ሸጠ፤ ኮርቻ የሚያዝ ጠፋ። እኛ ሠራተኞቻቸው ልንበተን ሆነ። እኔም የልጆቼ ጉሮሮ አሳስቦኝ ለመንገድ ቁፋሮ ልሄድ ጓዜን ሸክፌ ነበር። በዚያው ሰሞን የጣሊያን ጋራዥ አለቃ መጥቶ በአስተርጓሚ «ብቻህን ና፤ የካሚዮን ወንበር ትሰፋለህ» አላቸው። ጋሽ ዘለቀም «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል በልልኝ» ብለው ወደ ሥራቸው ዞሩ። እንዲህ ያለ መልስ በዚያን ጊዜ ያስገርፍ ነበር።

በማግሥቱ የተጣለ ጎማ እያንከባለሉ መጡ። «እንጀራችንን የወሰደው ይኸው ነው፤ እሱው ያብላን» አሉ። እኛም ጎማውን በጫማ ልክ ቀደን፣ እንደለመድነው እንደ ኮርቻ እንጨት በሚስማር መታነው! የመጀመሪያውን ጫማ ራሳቸው ተጫምተው አማኑኤል ገበያ ሄደው ሲመለሱ ተረከዛቸው ደም በደም ሆኗል። እኔ ስደነግጥ እሳቸው እየሳቁ «ፍቱት! የሰው እግር ከበቅሎ ጀርባ ያንሳል እንዴ?» አሉ። ሚስማሩን ነቅለን በጠፍር ሰፋነው፤ ከውስጡም ለኮርቻ የምናነጥፈውን ለስላሳ ቆዳ አነጠፍንለት።

ገበሬው ወደደው። ዱር የገቡት አርበኞችም በሰው በሰው እያስላኩ ይወስዱ ጀመር። እያንዳንዱን ጫማ ጋሽ ዘለቀ በመዳፋቸው ሳይዳስሱ ከቤት አያወጡም ነበር። ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ ከዚያ ቤት አንድም ሰው አልተሰናበተም። ይህን ስጽፍ ኩራት ኩራት ይለኛል።

ጋሼ፣ ያልበተኑን ሠራተኞችዎ ሁላችንም ተሰብስበን ቃሬዛዎን ተሸክመናል። ከማንሳታችን በፊት እንደ ልማድዎ መዳፌን ከሥርዎ ሰድጄ ዳሰስኩ። የሚቆረቁርዎ ነገር የለም፤ በሰላም ይረፉ።